ዘገዬ ጫማ ሰሪውና የመጀመሪያዋ ገጽ

ዘገዬ የሰውን ፊት ከማየቱ በፊት እግሩን ያያል። ይህን እንደ ነውር የቆጠሩበት አሉ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የወጪ ገቢውን ጫማ ሲመረምር እህቱ እንቁ ክንዱን ቆንጥጣው ታውቃለች። ግን ምን ያድርግ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራው ለተራ እግር አይደለም። ደንበኞቹ አንድ እግራቸው ከሌላው የሚያጥር፣ በልጅነት ሕመም ቁርጭምጭሚታቸው የዞረ፣ ጣታቸው የተደራረበ፣ ስኳር እግራቸውን የሚያሳብጥባቸው ሰዎች ናቸው። ገበያ ላይ ከተደረደረው ጫማ አንዱም አይሆናቸውም። ለእያንዳንዳቸው ዘገዬ ዘንድ ከእንጨት የተጠረበ፣ ቁርጥ እግራቸውን የሚመስል ፎርማ አለ፤ ተረከዙ ላይ ስማቸው በእርሳስ ተጽፎበታል።

ሱቁ ድሮ ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ደፍ እንኳ አልነበረውም፤ ደንበኛዬ እየተደናቀፈ አይገባም ብሎ ራሱ ነው ያስነሳው። መንገዱ ሲሰፋ ቤቱ ፈረሰና ዘገዬ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛው ደርብ፣ ከኋላ በኩል አንዲት ክፍል አገኘ። የሊፍቱ ጉድጓድ አለ፤ ሊፍቱ ግን የለም። አከራዩ ስለ ሊፍቱ ሲጠየቅ «መንገድ ላይ ነው» ይላል፤ የት አገር መንገድ ላይ እንደሆነ ግን ተናግሮ አያውቅም። ደረጃው ስልሳ ሁለት ነው። ስልሳ ሁለት ደረጃ መውጣት የሚችል ሰው የዘገዬ ጫማ አያስፈልገውም፤ የዘገዬ ጫማ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ስልሳ ሁለት ደረጃ አይወጣም።

«ዘጌ፣ አንተ'ኮ ፎቅ ላይ የወጣህ ዓሣ አጥማጅ ነህ» አለው ኢስሃቅ። ኢስሃቅ የጎን ክፍሉ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊ ነው። ቤተሰቦቹ ከወሎ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ አራዳ ስለሆነ አፉ እንደ መርፌው ይወጋል።

ዘገዬ ቤት ለቤት እየዞረ ለመለካት ሞክሮ ነበር። ችግሩ የሚለካው እጅና የሚሰፋው እጅ አንድ መሆኑ ነው፤ በዞረበት ቀን ሥራው ቆሞ ይውላል። ደውሎ «ጫማ እዘዙኝ» ማለት ደግሞ ልመና መሰለው። በዚህ መሀል ፍትዊ የሚባል የድሮ የሙያ ጓደኛው መጣ። ፍትዊ ከከተማው ዳር በሚገኝ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ኃላፊ ሆኗል። «ዝጋውና እኔ ጋ ና። ከስፌት የሚወጣውን ጫማ እያየህ ደህናውን ከተበላሸው ትለያለህ። ቀላል ሥራ ነው፤ ግን እስከ ሰኔ ሠላሳ መልስህን ንገረኝ፤ ቦታው ክፍት ሆኖ አይቆይልህም» አለው። ዘገዬ አመሰገነው። ከዚያ በኋላ ፎርማዎቹን ባየ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ስም የተጻፈበት ፎርማ ምን ይሠራል? ማገዶ ከመሆን አያልፍም።

የእህቱ የእንቁ ልጅ ጸሎት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ለደንበኛ የሚላክ ፕረዘንቴሽን ማዘጋጀት ነው፤ ገጽ በገጽ የሚገለጥ፣ ውስጡ ቪዲዮ ያለበት፣ ተቀባዩ በጣቱ እየነካ የሚመርጥበትና የሚጽፍበት። የአጎቷን ነገር ከእናቷ ስትሰማ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ መጣች።

«ጋሼ፣ ደንበኛው ወደ ሱቁ ካልመጣ ሱቁ ወደ ደንበኛው ይሂዳ!»

ከዚያ የሠራችውን አንድ ናሙና በስልኳ አሳየችው። ዘገዬ መነጽሩን አደረገ። ገጹ ላይ አንድ ሶፋ ነበር፤ ሲነኩት ቀለሙ ይለወጣል፤ ሌላ ቦታ ሲነኩት ሶፋው ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ይጀምራል። ሶፋውን አሥር ጊዜ ያህል ቀለም ቀየረው።

«ቪዲዮው የት ነው ያለው? ገጹ ውስጥ ነው?»

«የሚታየው ገጹ ውስጥ ነው። ዕቃው ግን ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። እነሱ ስልክ ላይ አይወርድም፣ ቦታም አይዝባቸውም። ሊንኩን ትልክላቸዋለህ፣ ይከፍታሉ፣ በቃ።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ሆኜ አንድ ነገር ብለውጥ?»

«እነሱ ጋም ይለወጣል።»

«ሁሉም ጋ? በአንድ ጊዜ?»

«በአንድ ጊዜ።»

ይህ ነገር ዘገዬን ለሦስት ቀን አስገረመው። ልጅ ሳለ የአባቱን ራዲዮ ፈትቶ ሰዎቹን ፈልጎ ያጣ ሰው ነው። በተፈጥሮው ነገር ካልገባው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ከገባው ደግሞ ለሌላው ሳያስረዳ አይውልም። ኢስሃቅ ስለ ቪዲዮውና ስለ ገጹ አራት ጊዜ ሰምቶ በአምስተኛው «ገባኝ፣ ወንድሜ፣ ማርያምን ገባኝ» አለ፤ እስላም ሆኖ በማርያም መማሉ ምን ያህል እንደመረረው ያሳያል።

ፕረዘንቴሽኑ ስድስት ገጽ ሆነ። ሁለተኛው ላይ የጫማ ዓይነቶች ነበሩ፤ ሦስተኛው ላይ ቆዳና ቀለም መምረጫ። አራተኛው ዋናው ነበር፤ ሰው ቤቱ ሆኖ እግሩን እንዴት እንደሚለካ የሚያሳይ ቪዲዮ። እግሩን ያዋሰው ኢስሃቅ ነው። ወረቀት ላይ ቆመ፣ ዘገዬ ተንበርክኮ እርሳሱን ቀጥ አድርጎ በእግሩ ዙሪያ አዞረ፤ ከዚያ በሜትር የጣቶቹን ሥር፣ የእግሩን ወገብ፣ ተረከዙን ለካ። ሲጨርሱ ጸሎት ቪዲዮውን አየችና ሳቀች፤ የኢስሃቅ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። «ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ካልሲ ሰፊ ነኝ ብዬ አላውቅም» አለ ኢስሃቅ። በሌላ ካልሲ እንደገና ተቀረጸ። አምስተኛው ገጽ ላይ ለአጭር እግር ከሶሉ በላይ የሚገባው ቡሽ በምን ያህል ከፍታ እንደሚሆን በጣት እየገፉ ማየት ይቻላል። ስድስተኛው ላይ ልኩን የሚጽፉበት ሳጥን አለ።

ጠቡ የመጣው በአንደኛው ገጽ ነው።

«የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጫማው ነው መታየት ያለበት» አለች ጸሎት። «ሰው ስልክ ላይ ትዕግሥት የለውም፤ ጋሼ፣ በሦስት ሴኮንድ ካልያዝከው ይሄዳል።»

«እንዴት ነህ ሳልለው?»

«ማንን?»

«ደንበኛውን። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ገና እንደገባ ጫማ አሳየዋለሁ?»

ዘገዬ እዚህ ላይ ግትር ነው፤ ምክንያትም አለው። በአሮጌው ሱቅ ደንበኛ ሲገባ አስቀምጦ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይጠይቅ ሜትር አያነሳም ነበር። ሰላምታ የእግዜር ነው፤ ያ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው ግን የሙያ ምሥጢር ነው፤ ከመንገድ የገባ እግር ያብጣል፤ ሰውየው እያወራ ሲያርፍ እግሩም ያርፋል፤ ያኔ የሚወሰደው ልክ ነው እውነተኛው ልክ። ጸሎት ይህን ስትሰማ እጅ ሰጠች። ዘገዬ ጃኬቱን ለብሶ ካሜራው ፊት ቆመና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እንደምን ከረማችሁ? እኔ ዘገዬ ነኝ። ጤናችሁ እንዴት ነው? ቤተሰብስ?» አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ካሜራውን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«ቀጥል እንጂ» አለች ጸሎት።

«ሳይመልሱልኝ?»

ዝምታውን ልትቆርጠው ፈልጋ ነበር፤ እምቢ አላት። ቪዲዮው በዚያው አለቀ፤ ዘገዬ ራሱን እየነቀነቀ፣ የሰውን ወሬ የሚሰማ ሰው ፊት ይዞ። ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ሊንኩ ለአርባ አንድ ደንበኛ ተላከ። ማን እንደከፈተና የትኛው ገጽ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ለማወቅ ጸሎት ለእያንዳንዱ የየራሱን ሊንክ ነበር የሰጠችው። ቁጥሩ የሚታይበትን ቦታ ዘገዬ ስልክ ላይ ከፍታ አሳየችው፤ ባታሳየው ይሻል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘገዬ ቁጥር ተመልካች ሆነ። ማስቲሽ የነካ ጣቱን እየጠረገ በየሰዓቱ ያያል። በሳምንቱ ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስድስቱ ከፍተዋል። ሠላሳ ስድስቱም አንደኛውን ገጽ አይተዋል። ሁለተኛውን ገጽ ያዩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ከሠላሳ ዓመት በታች፤ ያዘዘ ግን የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን «አልወደዱትም» ብሎ ይተወው ነበር። ዘገዬን የከነከነው ግን ደቂቃው ነው። የሰላምታው ቪዲዮ አርባ ሴኮንድ ነው። ሰዎቹ ግን እዚያች ገጽ ላይ አምስት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ፣ አንዱ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆይቷል። የጠላ ሰው ወዲያው ይወጣል፤ የወደደ ሰው ወደ ፊት ይሄዳል። አርባ ሴኮንድ የሆነ ነገር ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆሞ የሚቀር ምን ዓይነት ሰው ነው?

«መልክህን እያደነቁ ነዋ» አለ ኢስሃቅ።

«ቀልዱን ተወኝ። ኔትወርክ ይሆን?»

«የሠላሳ ሰው ኔትወርክ ገጽ ሁለት ደጃፍ ላይ ተቀጣጥሮ ይጠፋል? ፋራ አትሁን፣ ዘጌ። የሆነ ነገር አስፈርተሃቸዋል።»

ዘገዬ ቪዲዮውን ደግሞ ደጋግሞ አየው። ጢሙ ይሆን? ተላጨና እንደገና ተቀረጸ። ሁሉም ጋ በአንድ ጊዜ ተለወጠ፤ ሁለተኛው ገጽ ግን ያው ሦስት ላይ ቀረ። ወደ ሁለተኛው ገጽ የምታሳልፈው ቀስት ትንሽ ሆና አልታየቻቸው ይሆናል ብሎ ጸሎትን «ቀስቷን አስፊያት» አላት፤ አሰፋቻት፤ ማንም አልነካትም። ሰኔ ገባ። ዝናቡ በኋላው መስኮት ይገባል፤ ፎርማዎቹን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረጋቸው። ፍትዊ ደውሎ «እህ፣ ወሰንክ?» አለው። «ቆይ፣ አንድ ነገር ላጣራ» አለ ዘገዬ። እውነቱን ለመናገር ሱቁ መዘጋቱ አንድ ጭንቅ፣ ገጿ ሳትገባው መዘጋቱ ሌላ ጭንቅ ሆኖበት ነበር።

ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቁጥሩን ሲያይ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚለው ስም ላይ ዓይኑ ቆመ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀኝ እግራቸው በሦስት ጣት የሚያጥር የሠላሳ ዓመት ደንበኛው ናቸው። ቤታቸው ውቤ በረሃ ውስጥ፣ ከሱቁ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ዘገዬ ሽርጡን አውልቆ ወረደ።

በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። መጀመሪያ ያየው ጫማቸውን ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት የሠራላቸው፣ የቀኙ ሶል በውጭ በኩል ተበልቶ ወደ ጎን አጋድሏል።

«ተቀመጥ» አሉት። ሌላ ነገር አላሉም። ስለ እንቁም፣ ስለ ሱቁም፣ ስለ ዝናቡም አልጠየቁት። ዘገዬ የሠላሳ ዓመት ደንበኛ እንዲህ ሲቀዘቅዝበት ያየው ያኔ ነው።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ደህና ከረሙ?»

«ደግሞ ልትጠይቀኝ? አንተ እንደሆንክ ጠይቀህ መልስ አትሰማም።»

«አልገባኝም።»

«ምኑ ነው የማይገባህ? 'ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰብስ' ብለህ ዝም ብለህ አየኸኝ። እየነቀነቅክ። እኔም ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። የታይፕ ጣቴ እዚህች ስልክ ላይ እየተንሸራተተብኝ፣ ሁሉን ነገርኩህ። ስጨርስ 'እናመሰግናለን፣ መልስዎ ደርሶናል' አለኝ። እሺ፣ ደርሶታል፣ አሁን ይመልስልኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ጆሮ ዳባ ልበስ! ጢምህን ተላጭተህ ተመለስክና እንደገና ያንኑ ጠየቅከኝ!»

«የት ነው የጻፉት?»

«ከሥርህ ባለችው ሳጥን ነዋ።»

ስልካቸውን አምጥተው አሳዩት። እውነት ነው፤ ቪዲዮው ሥር፣ እሱ ስልክ ላይ አይቶ ልብ ያላላት፣ «መልስዎን እዚህ ይጻፉ» የምትል ሳጥን ነበረች።

«ታዲያ ለምን አላለፉትም? ከታች ቀስት አለ'ኮ፤ ጫማው ከዚያ በኋላ ነው ያለው።»

«ለሰላምታዬ መልስ ሳላገኝ ወደ ዕቃ ልሂድ? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩህ?»

በእርሳቸው ቦታ ቢሆን ዘገዬም አያልፋትም ነበር። የዚህ አገር ሰው ጠይቀኸው ከመለሰልህ በኋላ ቀሪው ያንተ ተራ ነው፤ ተራህን ካልተወጣህ እዚያው ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ብዙ ካስጠበቅከው ይቀየምሃል።

«ምን ብለው ነበር የጻፉት፣ እትዬ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እህቴ ሞተችብኝ፣ ዘገዬ። በፋሲካ ማግስት። አልሰማህማ።»

ዘገዬ ከመቀመጫው ተነሳ። ነፍስ ይማር አለ፣ እግዜር ያጽናዎት አለ፤ አፈረ፣ እጅግ አፈረ፤ ተመልሶ ተቀመጠና ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማ። የእህታቸውን የሆስፒታል ቆይታ፣ የመጨረሻ ቃሏን፣ ሁለቱ ልጅ ሳሉ አንደኛዋ ሌላዋን አዝላ ትምህርት ቤት ትወስድ እንደነበር ሰማ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሲጨርሱ ወይዘሮ ደብሪቱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ስልኩን አቀበሉት።

«በል እንግዲህ ያንን ሁለተኛውን ገጽ አሳየኝ። ምን እንዳለበት ሳላውቅ አንድ ወር ሆዴ ሊፈነዳ ነው።»

ጸሎት በዚያው ዕለት ከሥራ ስትወጣ እየሮጠች መጣች። ነገሩን ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። የመልሱ ሳጥን ለስድስተኛው ገጽ ብቻ የታሰበ ነበር፤ ገጹን ስትቀዳ አብሮ ተቀድቶ አንደኛው ላይም ወጥቷል፤ ዘገዬ ቪዲዮውን ስለሚመለከት፣ እሷ ደግሞ ቁጥሩን ስለምትመለከት ሁለቱም ልብ አላሉትም። መልሶቹ የሚገቡት ስልኩ ሲገዛ በተከፈተለት ኢሜይል ነው። ዘገዬ ኢሜይል እንዳለው እንኳ ረስቷል። ጸሎት የይለፍ ቃሉን ፈልጋ ከፈተችው።

የሠላሳ ሦስት ሰው ያልተነበበ መልእክት።

ኢስሃቅ መርፌውን እንደያዘ መጣና ከኋላቸው ቆመ። ዘገዬ «እኔ ነኝ የማነበው» ብሎ መነጽሩን አደረገ።

አንዱ «ደህና።» ይላል፤ ሌላ ቃል የለም። አንዲት ሴት ስለ ጉልበቷ አንድ ገጽ ጽፋ መጨረሻ ላይ «ራስህን የነቀነቅከው ጉልበቴን ሰምተህ ነው?» ብላለች። ከዲጃ የምትባል ከነልጇ ደንበኛው የሆነች እናት «አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙስዓብ በሠራህለት ጫማ ሩጫ ሞከረ። ወደቀ። ግን ሞከረ» ብላ ጽፋለች። አንድ ሽማግሌ አራት ጊዜ ጽፈዋል፤ አራተኛው «ዘገዬ፣ ታመህ ነው ወይ?» የሚል ነው። ዘገዬ አንዱን አንብቦ ሌላውን ለመክፈት ይጣደፋል፤ ይስቃል፤ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። አንድ ወር ሙሉ ምን ሲያደርጉ ቆዩ ብሎ ራሱን የበላበት ነገር ይሄው ነው፤ እያወሩት ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ» አለች ጸሎት። «አሁን አንድ ደህና የይቅርታ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እልከዋለሁ።»

«ለሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ ሠርቼ አውቃለሁ?» አለ ዘገዬ።

ከማግስቱ ጀምሮ ደወለ። ለጉልበቷ ሴት ስለ ጉልበቷ፣ ለሽማግሌው ስለ ጤናቸው፣ ለከዲጃ ስለ ልጇ ሩጫ፤ የእያንዳንዱን መልስ ፊቱ አስቀምጦ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ የቀረውን ጠይቆ። መጀመሪያ ይቆጡታል፤ ከዚያ ያወሩታል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም እንደተማከረ ሰው «ታዲያ ያ ሁለተኛው ገጽ ምን ነበር?» ይሉታል። ስልኩን ሲዘጋ ወዲያው ቁጥሩን ያያል፤ ገጽ ሁለት፣ ገጽ ሦስት፣ የኢስሃቅ እግር። እየደወለም እየሰፋም ሳምንቱ አለቀ፤ ዘጠኝ ሰው አዘዘ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ የመጀመሪያዋ ናቸው።

«ዘጠኝ ጫማ ክረምቱን ያሻግርሃል» አለ ኢስሃቅ። «ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል።» ዘገዬም ይህንኑ ሲያሰላስል ነበር። ፋብሪካው የሚታመን ነገር ነው፤ ዘጠኝ ጫማ ግን ዘጠኝ ጫማ ነው። ሰኔ ሠላሳ ደረሰ፤ ፍትዊ እስከ ማታ መልስ ይጠብቃል።

አንድ መልእክት ብቻ ነበረች፣ እያወቀ ወደ ኋላ ያስቀራት። የጋሽ ገነነ ናት። ጋሽ ገነነ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ፣ ስኳር ያለባቸው፣ አርባ ስድስት ቁጥር የሚያደርጉ ግዙፍ ሰው ናቸው። እንዲህ ነበር የጻፉት፤

«ጤና ይስጥልኝ፣ ዘገዬ። ደህና ነኝ ልል ነበር የጀመርኩት። ግራ እግሬ በየካቲት ከጉልበቴ በታች ተቆረጠ። ስለዚህ ጫማ ለመግዛት አይደለም የምከፍተው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቁስሉ ነው። አንተ ግን ስለ እኔ ስትጠይቅ ደስ ይለኛል፤ እሱን ለማየት ብዬ ነው። አንተስ እንዴት ነህ?»

ቁጥሩ ላይ ዘገዬ አየው፤ ጋሽ ገነነ አንደኛውን ገጽ አርባ አንድ ጊዜ ከፍተውታል። አርባ አንድ ጊዜ እንዴት ነህ ብሏቸው አርባ አንድ ጊዜ ዝም ብሏቸዋል። ጫማ ሰሪ እግር ለተቆረጠበት ሰው ምን ብሎ ይደውላል? ሁለት ጊዜ ቁጥሩን አውጥቶ ሁለት ጊዜ መልሶታል። ግን ሠላሳ ሁለቱን ጠይቆ አንዱን መተው የባሰ ነውር ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለ። ከአፉ አንድ ቃል ሳይወጣ ያ የሹፌር ድምፅ መጣ።

«ዘገዬ! አንተስ እንዴት ነህ?»

ዘገዬ ይህን ጥያቄ ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ሁሉ ሲያቀርብ ኖሯል። ለእሱ ሲቀርብለት «ደህና» ብሎ ማለፍ ለምዷል፤ ለእንቁም፣ ለኢስሃቅም፣ ለፍትዊም ያለው ይህንኑ ነው። አሁን ግን ይህ ሰው እውነቱን ጽፎለታል፤ እሱ ምን ብሎ ይዋሸዋል?

«ደህና አይደለሁም፣ ጋሽ ገነነ» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መልእክትዎን ዘግይቼ ነው ያየሁት። እግርዎንም... ምን እንደምል አላውቅም። እኔም ሱቁን ልዘጋ ነው። ዛሬ ልዘጋው ነው።»

ኢስሃቅ በጎን ክፍሉ የስፌት መኪናውን አቁሞ ያዳምጣል።

«ሦስት ሱቅ ዞርን፣ ልጄና እኔ» አሉ ጋሽ ገነነ። «አንድ ጫማ ብቻ አይሸጥም አሉን። ሁለቱን ግዙና አንዱን ጣሉት አለን አንዱ። እኔማ ለምን እጥላለሁ ብዬ ባዶ እግሬን ቁጭ ብያለሁ።» ከዚያ ጠየቁት። «ታዲያ ቀኝ እግሬን ሳትለካ ልትዘጋው ነው?»

ዘገዬ ቤትዎ የት ነው ብሎ ጠየቃቸው፤ እዚያው በስልኩ እያወራ ወረቀትና እርሳስ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣለ፣ ለኢስሃቅ ጠብቅልኝ ሲል በሩን በአገጩ አሳየውና ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ለፍትዊ እንደማይመጣ የነገረው ከታች፣ ታክሲ ሲጠብቅ ነው።